አንድ ሰው የቀረው

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ ሰባት፣
ሊፍቱ ሳይገባ ጉድጓዱ በቀረበት፣
ሐሙስ ሌሊት ብቻ ውሃ ብቅ በሚልበት፣
ሦስት ተማሪዎች ሁለት ላፕቶፕ ይዘን
አንድ ክፍል ተከራየን።
አንደኛው ባትሪው ሞቶ ከሶኬት ታስሯል፣
የእኔዋ «ቀ» ወልቃባት «ቀረ»ን «ረ» ትላለች።

«መመረቂያችሁ ምንድን ነው?» ሲሉን መምህራችን፣
ፌናን ቀደመችን፦
«ታክሲ ነው፣ ጨዋታ። መቶ ሰው በየቤቱ ስልኩን ይከፍታል፣
ወንበሩ አሥራ አንድ ነው፤ መቶው ይጋፋበታል፣
በጽሑፍ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ይማልዳል።
ረዳቱ ሰው አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ነው፤
እሱ ነው የሚለየው ተሳፋሪን ከሚቀረው።»
መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።
«ጠዋት ሁለት ሰዓት ለእውነት ተጋፍቼ፣
ማታ ለጨዋታ ልጋፋ ተኝቼ?»
አሉና ፈረሙ።

ድምፅ አስፈለገን። በማለዳ ወርደን
ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አንድ ልጅ አገኘን፤
ረዳት ነው፣ ስሙ ተረፈ፣
ለራሱ ግን እስከ ዛሬ ከእጁ ምንም ያልተረፈ።
«ድምፄን ምን ልታደርጉት?» «ማሽን ልናስተምር።»
«ማሽኑ ይከፈለዋል?» አለ፣ ሳይስቅ፣ ሳያፍር።
የሁለት ጉዞ ሂሳብ ሰጠነው።
እሱ በሩ ላይ ተሰቅሎ፣ ስልካችን ከኋላ ወንበር፣
ቀኑን ሙሉ ስንቀዳው ነበር፦
«ሳሪስ! ሳሪስ! አንድ ሰው የቀረው!»
ሰባት ሰው ሲጎድል፣ አንድ ሰው የቀረው፤
እግር ማሳረፊያ ጠፍቶም፣ አንድ ሰው የቀረው።

ቃልአብ ለማሽኑ ሽልማት ሰፈረለት፤
ብር በሰበሰበ ቁጥር ነጥብ ይጨመርለት።
በሦስት ሌሊት፣ በአርባ ሺህ ጉዞ
ማንም ሳይነግረው መልስ መያዝ ለመደ፤
«ዝርዝር የለም፣ ቆይ» እያለ ሰዉን አወረደ።
ዕቃ የያዘውን ዘለለ፤
ልጅ ያዘለችውን ዘለለ፤
በክራንች ለቆመው «ሞልቷል» አለ፣
አምስት ወንበር ባዶውን እያለ።
ፌናን ስክሪኑን ከደነችው።
«ማን አስተማረው?» አለች።
ማንም። ነጥቡ።
ነጥቡን ደግሞ እኛ።

በተከፈተ ማታ ሠላሳ ስምንት ተጫዋች ገባ፤
አብዛኛው ከዶርም። አንዱ ግን ከተራ ማስከበሪያው፣
በተሰነጠቀ ስልክ፣ ስሙን «ተረፈ» ብሎ።
በገዛ ድምፁ ሲጠራ ሰምቶ ሮጠ፤
በገዛ ድምፁ «ሞልቷል» ተብሎ ደነገጠ።
ደወለ። ሊቆጣ መስሎን ነበር።
«ድምፁማ እኔ ነኝ፣ አልካድም።
ግን ያቺ ጎመን የምታመጣ ሴት፣
ሁልጊዜ በነጻ ሞተሩ ላይ የማስቀምጣት፣
ያኔ ስልካችሁ ተዘግቶ ነበር?»

አልተዘጋም። ቅጂውን ከፍተን ፈለግን።
እዚያ ቦታ ጩኸት የለም።
በር ይከፈታል፤
ዘንቢል ብረት ይነካል፤
አንድ ሰው ረጅም ይተነፍሳል፤
በር ይዘጋል።
«ባዶ ድምፅ» ብለን ቆርጠን የጣልነው ነው፣
ለማሽኑ እንዲቀለው።

ለዚያ ዝምታ ስንት ነጥብ ይሰጠዋል?
ቃልአብ «አምስት» አለ።
ፌናን «ነጥብ ካለውማ
ነገ የሚያቆመው ለነጥቡ ነው፣ ለሴትየዋ አይደለም» አለች።
«እና ሰው ለምንድን ነው የሚያቆመው?» አለ ቃልአብ፤
መልስ የያዘ አልነበረም ከመካከላችን፣
መብራትም ሄደብን።

የእኔዋ ላፕቶፕ ብቻ በጨለማው በራች።
ተጫዋች የለም፣ ኔትወርክ የለም፤
ታክሲዋ ባዶዋን ከአደባባዩ ቆማለች።
ረዳቱ ግን ይጽፋል፣ ይደጋግማል፣
እኔ ቁልፍ በጎደላት ላፕቶፕ እንደጻፍኩለት፦
አንድ ሰው የረው
አንድ ሰው የረው

ያን ጊዜ ቧንቧው አጉረመረመ። ለካ ሐሙስ ነው!
ጀሪካን ለጀሪካን እየተጋጨን ሮጥን፣
እሱን እዚያው እየተጣራ ትተን።