ከመስታወቱ ውስጥ ሲነበብ

መስታወት ነው ፊቱ የወደቡ ትኬት ቤት፤
«ባሕር ዳር» ጽፎበት ሄደ ጋሽ ሙጬ በቀይ ቀለም፣ አንድ ለት።
የጻፈው ለመንገደኛ ነው፣ ለውጭ ሰው፤
እኔ ከውስጥ ተቀምጬ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው
ከኋላው ሳነበው።

«ዳር» ተገልብጦ «ርዳ» ይላል፤ ማንን? አይልም።
«ባሕር» ግን «ርሕባ» ነው፤ በማንም ቋንቋ አይፈታልኝም።

የደቁ ጀልባ ከሰዓት በኋላ እስኪመለስ
ምን ሥራ አለ? በትኬት ጀርባ ቃል ማመስ።
«ብር» ብዬ ስጽፍ ከኋላ «ርብ» ይሞላል፣
ፎገራን አጥለቅልቆ ጭቃውን ይዞ ይመጣል።
«ልብ»ን ገልብጬ «ብል» ሆኖ ባየው
ሳጥን ውስጥ የረሳሁት ቀሚስ ትዝ አለኝ፤ የሰርጌ ነው።
«በራ» ሲዞር «ራበ»፤ ሆዴ ይህን ሰማ፣
«ሰማ» ሲዞር «ማሰ»፤
ማሰና ምሳ ዕቃዬን፣ ምን ይቅር ለማታማ!

የእህቴ ልጅ ትብለጥ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
«ታንኳ»ን ከኋላ አንብባ «ኳንታ!» ስትል ወረፋው ሁሉ ሳቀ፤
ቋንጣ ያማራት መስሏቸው።

«ጣና»ን ሞከርኩት። «ናጣ»። ባዶ ነው ብዬ ተውኩት።
የ«ጣ»ን ረጅም እግር ልብ ሳልል ነው የናቅኩት፤
እግሩን ቢያጥፈው «ናጠ» ሊሆን እንደነበር
አላወቅኩም፣ እስከዚያ እሑድ፣ ሰማዩ እስኪጠቁር።

ከዘጌ በኩል አንድ ታንኳ ሎሚ ጭኖ ቀረበ።
«ቀረበ» ሲዞር «በረቀ»፤
ሰማዩም ፊደል ያውቃል፣ ቃሉን አላጠበ።
ውሃው እንደ ቅል ወተት ከጥግ እስከ ጥግ ተናጠ፣
ደንገሉ ጎበጠ፣
ሰውየው ከነሎሚው ተገለበጠ።

እኔ ያየሁት መስታወቱን ነው፣ ሐይቁን አላየሁም፤
«ርዳ» ይላል። ማንን እንደሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።
ፊሽካ ነፋሁ ጉንጬ እስኪያመኝ። ውባንተ ሞተሩን አስነስቶ ነዳ።
ትኬት ጀርባ «ነዳ» ብዬ ከኋላ ለማንበብ ፈራሁ፤
እርጥብ ራስ ከጀልባው ጠርዝ ብቅ እስኪል ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ።

ዳነ።

ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጋቢዬን ተከናንቦ ለማ ማለ፤
«ሁለተኛ ደንገል ብረግጥ ዓሣ ይብላኝ!» አለ።
ሎሚው ሦስት ቀን ዳር ዳሩን ተንሳፍፎ ሰነበተ፣ ልጆች እየዋኙ ለቀሙት።

በሳምንቱ አዲስ ታንኳ ሎሚ ጭኖ ተሻገረ፤
ያ ሁሉ መሐላ ተገልብጦ
«ለማ» ብቻ ሆኖ ቀረ።