ቶር እና ጦር

አፉላ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ጸሐፊዋ “ቶር አለህ” ስትል፣
አጎቴ ይስማው ጦር ሰምቶ፣
“ከማን ጋር?” ብሎ ተነሣ፣ በከዘራው ገጥሞ ሊጥል።
ለካስ ቶር በዕብራይስጥ፣ ወረፋ፣ ተራ ማለት ነው፤
ሃያ ዓመት ያልሰለቸን፣ የቤታችን ቀልድ ይኸው ነው።
ዛሬ ግን ማማዱ ውስጥ፣ ወፍራሙ ግንብ ሥር፣ ሮቦቶቼን ሲቆጣጠር፣
ልክ ሆኖ አረፈው አጎቴ፤ ቶሩ ተራ ነው፣ ደግሞም ጦር።

ስማኝ ይስማው፦ አራት ናቸው፤ ብረት ለበስ፣ ፎቅ የሚያህሉ፤
ሳታዛቸው ንቅንቅ አይሉም፤ ተራህን ይጠብቃሉ።
ማንም አያጣድፍህም፤ መነጽርህን ጥረግ ካሻህ፤
ፉት እያልክ አስብበት፤ ያውልህ አጠገብህ ሻይህ።

ሙቀቷን እያት መጀመሪያ፤ ያቺ ቀይ መስመር በስተግራ።
“አየኋት፤ የስኳሬን ልክ ትመስላለች ስታስፈራራ።”
ሁሉንም መድፍ ባንዴ ከተኮስክ፣ ይግልና ቀጥ ይላል ድንገት፣
እንደኛው ማቀዝቀዣ፣
ሐምሌ እሳት በሆነበት አገር፣ ጥሎን እንደተኛ ለት።

ወንዝ ካገኘህ ግባና ቁም፤ ውሃው እግሩን ያበርድልሃል፤
ጫካው ገላህን ይሸፍናል፤ ኮረብታው ዐይን ይሰጥሃል።
ጀርባህን ግን ለማንም አትስጥ፤ የኋላው ቆርቆሮ ስስ ነው።
የማናችን ወፍራም ነው?

ከሁሉም ላይ አትቆንጥር፤ አራታችሁም አንዱን ጣሉ፤
የቆሰለ ጠላት፣ አጎቴ፣ ሲተኩስ ሙሉ ነው ኃይሉ።

ከባዱ ሲመጣ ደግሞ፣ እግሩን ምታ፣ ይወድቅልሃል፣ ስለው፣
ዝም አለ።
ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነ፤
ቀዶ ጥገና ታዞለት፣ ስምንት ወር ወረፋ የያዘ ጉልበት።
“እግር አልመታም፣ ሞሪያ። ሌላ ዘዴ ካለሽ ንገሪኝ።”

አልነበረኝም። ሁለቱ ነደዱ።
ሦስተኛው ማነከስ ሲጀምር፣ ያላሳየሁትን ቁልፍ ፈልጎ፣
ነጂውን ወደ ሰማይ አስፈነጠረው፦
“ብረቱ ይቅር፤ ልጁ ቤቱ ይግባ።”
የመጨረሻውን ምክር ለራሴ አስቀምጬው ነበር፤ ቀደመኝ።

ስልኩ ጮኸ። ከጤና ጣቢያው መልእክት፦ ቶር ተገኝቷል፤
አንድ ሰው ቀርቶ ነው፤ ነገ ጠዋት፤ ባስቸኳይ መልሱ ይላል።
ስክሪኑ ላይ አንድ ሮቦት፣
በአንድ እግሩ፣ ቀይ መስመሩ ጫፍ ደርሶ።
አጎቴ መነጽሩን ጠረገ፤
ስልኩን በፊቱ ደፋው፤
“ይጠብቁ” አለ። “አሁን ተራው የኔ ነው።”