ያቆምኩት

ረሆቦት ነው ቤቴ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣
ከቆሻሻው ገንዳ እልፍ ሲሉ፣ ካረጀው የብረት በር፣
እዚያ አቆማለሁ።
ሌሊቱን በመጋዘን ሣጥን ስደረድር አድሬ እመጣለሁ፣
ሞተሩን አጥፍቼ መሪውን ጠምዝዤ እቆልፈዋለሁ፣
ሰንሰለት በጎማው አሳልፌ ካጥሩ አስረዋለሁ፣
ሸራ አለብሰዋለሁ፣
ሦስት እርምጃ ሄጄ ዞሬ አየዋለሁ።
ዕዳው አላለቀም፣ ዘጠኝ ወር ይቀራል፤
በስሜ ካለው ሁሉ እሱ ብቻ ይሄዳል።

ሰው ግን ምን ነካው?
የቆመን በሙሉ ለምን የተጣለ መሰለው?

አንዱ በበረዶ ቡናውን ጠጥቶ
ይሄዳል ብርጭቆውን ከኮርቻው ላይ ትቶ፤
አንዷ ፌስታሏን ከመሪው አንጠልጥላ
መስታወቴን አዙራ ትሄዳለች ተኳኩላ፤
አውቶቡስ ጠባቂው የሱፍ ቅርፊት ይተፋበታል፣
ወደ ኋላ የሚነዳው ገፋ ያደርገውና «ምን ሆነ?» ይላል።
ሰንበት ከሰዓት ደግሞ የሦስተኛ ፎቁ ኤልካና
ሸራውን ገልቦ ይወጣበታል «ድርርር!» እያለና።
«ውረድ!» ስለው ከሰገነት፣
«አልነዳሁትም፣ ተቀመጥኩ እንጂ» ይለኛል በኩራት።

ካርቶን ቀደድኩና ጻፍኩ በዕብራይስጥ፣ በወፍራም ቀለም፦
«ባለቤት አለው። አይነካም።»
አንብበውታል! በማግስቱ ከሥሩ ተጽፎ አገኘሁ፦
«እንኳን ደስ ያለህ።»

ጯሂ ገጠምኩለት ከራምላ ገዝቼ፣
(ዋጋውን አልናገር፣ ለሚስቴም ዋሽቼ፤)
ለድመት ይጮሃል፣ ለነፋስ ይጮሃል፣
ብርጭቆ ሲያስቀምጡበት ግን ዝም ይላል።
ሉድሚላ ከምድር ቤት በሌሊት ልብሷ ወጥታ
«ወይ እሱን ወይ አንተን!» አለችኝ መጥረጊያዋን አንስታ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሳይረን ጮኸ፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤
ሕንፃው በሙሉ ግቢውን አቋርጦ ወደ መጠለያው ፈሰሰ አሉኝ።
ንጋት ላይ ስደርስ ሞተሬ በጎኑ ተኝቷል፣
መስታወቱ ረግፎ፣ የፍሬኑ እጀታ ታጥፎ፣ ቤንዚኑ አስፋልቱን ያርሳል።
ደሜ ፈላ።
የማላውቀውን ሰው እስከ ሰባት ቤቱ ሰደብኩ፤
«የነካህ እጅ ይሰበር!» ብዬ ሰፈሩን ቀሰቀስኩ።

ቀና ስል፣ ከደረጃው ሥር አቶ ጀንበሩ ቆመዋል፣
ቀኝ እጃቸው በነጭ ፎጣ ተጠቅልሏል።
ሰምተዋል።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። መብራት የለ፣ ሰው ከኋላ ገፋ፣
የደጁ እርከን ከእግሬ ሥር ጠፋ።
እጄ በጨለማው አንድ ብረት ያዘ፤ ያንተ ነው መሰለኝ፤
እሱ ወደቀና እኔን አቆመኝ።»

«ካርቶኑን አላዩም?» ልል አፌን ከፈትኩ፣
መልሼ ዋጥኩ።
የዕብራይስጡ ፊደል ለሳቸው እስከ ዛሬ ድርድር ጠጠር ነው፤
ራሳቸው ጠየቁኝ፣ በደህናው እጅ ጠቁመው፦
«ስወጣ ስገባ አያታለሁ፤ ይቺ ጽሑፍ ምን ትላለች?» አሉ፤
«ባለቤት አለው ትላለች» አልኳቸው።
ሁለተኛውን ቃል ዘለልኩባቸው።
«መልካም ነው፤ ባለቤት ያለው ነገር ደግ ነው» አሉና ኪሳቸውን ዳበሱ፣
ሃምሳ ሼቅል፣ በአራት የታጠፈ፣ ወደ እጄ አደረሱ።
መስታወቱ ብቻ ሦስት መቶ ነው። እምቢ አልኩ፤ እምቢ አሉ፤
ብሩ በመካከላችን ሲመላለስ ሰዎች ቆመው ያያሉ።

አሁን የማቆመው ከደረጃው ጎን ነው፣
በሁለት ሰንሰለት፣ በግራና በቀኝ፤ ሰው ቢደገፈው እንዳይወድቅ ነው።
ጯሂውን ነቀልኩት። ሉድሚላ ኬክ ሰጠችኝ፣ ደረቅ ነበር፣ በላሁት።
ኤልካና ግን ይውረድ! እሱን ማለቴ አይደለም፤ ትናንትም ይዤው አወረድኩት።
ካርቶኑም አለ፣ ዝናብ አደብዝዞት፤
ብርጭቆም አለ፤ ዛሬ ጠዋት አገኘሁት፣
በረዶው ሳይሟሟ፣ ከኮርቻው መሐል።
ተሳደብኩ፣ መቼስ አፍ ልማዱን ይወዳል፤
ግን ቀስ ብዬ፣
መጀመሪያ ዞር ብዬ፦
ከደረጃው ሥር ማን ቆሟል?