ብልህ ሳል

ጋልሚ፣ ኒጀር ምድር፣ መጋቢት ሲጋመስ፣
ደረቁ ነፋስም አቧራውን ሲያምስ፣
ሽንኩርት አንገት ሲደፋ፣
«ያፈረ እንዳይመስልህ» ትለኛለች ደሉ፣ «ጠግቦ ነው፣ ሲያንቀላፋ።
ቀጥ ብሎ የቆመው ገና ውኃ ያምረዋል፤
ዛሬ ከነቀልከው፣ ጎተራ ሳይገባ መንገድ ላይ ይሞታል።»

እኔ የመኪና ረዳት፣ ከታማሌ የመጣሁ፣
ጆንያ ልቆጥር እንጂ ሽንኩርት ላውቅ መች ወጣሁ።
አሠሪዬ ኦፎሪ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ቃሉ ጠባብ፣
ሐብሐብ በጥፍሩ መትቶ፣ እንደ ከበሮ ሰምቶ፣ ዋጋ የሚያነብ፤
ማንጎን ከእንብርቱ አሽትቶ ስንት ቀን እንደቀረው፣
አናናስን ከአናቱ ቅጠል መዝዞ «ነገ ነው» የሚለው፣
ሽንኩርት ፊት ሲቆም ግን ጥበቡ አለቀ፤
«ይሄ ውሸታም ነው፤ ሰባት ልብስ ደርቦ ሬሳ የደበቀ።»

ስለዚህ ደሉ ጋ።

የሣር ጎተራዋን ግድግዳ ተጠግታ፣
አንዴ ትስባለች አየሩን፣ ዐይኗን ዘግታ።
«በስተግራ፣ ሦስተኛው ድርድር፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣
አንድ የሞተ አለ።» ይፈለጋል። ይገኛል፣ ሁለት ጎረቤቱን በክሎ።
ከኩማሲ እስከ አቢጃን ሚዛን የያዘ ሁሉ
በወረቀት አይምልም፤ «ደሉ አሽትታዋለች» ነው ቃሉ።

በክረምቱ ንዳድ ያዛት። አሥራ አንድ ቀን ተኛች።
ዳነች ተባለና ወደ ጎተራዋ ወጣች።
ምንም አላለችም። እኛም ምን አወቅን፤
ጆንያ አሰርን፣ ጫንን፣ ላባችንን ጠረግን።

አንድ ከሰዓት ግን፣ የጥጉን ጆንያ ስፈታ፣
ሽታው ወጣና ፊቴን እንደ ጥፊ መታ፤
የታሰረች አህያ እንኳ ገመዷን ወጥራ ሸሸች።
ደሉ ጎንበስ አለች። ፊቷን አስጠጋች።
አልተኮሳተረችም።
አልራቀችም።

ከዚያ እጇን ከተተች፣ እስከ ክርኗ ድረስ፤
የሚበሰብስ ነገር ትኩሳት አለው፣ እንደ ሰው፤ መዳፏ እዚያ ሲደርስ
አንዱን ይዛ ወጣች፤ ሐምራዊ ሐር የለበሰ፣ እንከን የሌለው።
አውራ ጣቷን አንገቱ ላይ አኖረችና ገፋ አደረገችው።
ገባ። እንደ ጨቅላ እርግብግቢት።

«አፍንጫ ቀድሞ ይደርሳል» አለች፣ እኔን ሳታይ፣ «እጅ ዘግይቶ ነው።
ግን ይደርሳል። ለኦፎሪ ያየኸውን አትንገረው።»

ከዚያ በኋላ ታስተምረኝ ያዘች፦
«ከመጠኑ የቀለለ ውስጡ ተሰዷል፤
አረንጓዴ ምላስ ያወጣውን ዛሬውኑ ሽጠው፤ ነገ ሆዱ ባዶ ይሆናል።
ጆሮህ ጋ አሻሸው፤ ደረቅ ልጣጭ ይንኮሻኮሻል እንደ አዲስ ብር፤
የረጠበ ዝም ይላል። ዝም የሚል ሽንኩርት ከሌላው ጋር አይደር።»

እኔንም ሳል ያዘኝ፤
ሐኪም የማይፈታው፣ ማር የማይፈውሰኝ፤
የተበላሸ ጆንያ አጠገብ ስንደርስ የሚነሳ፣
ጤነኛው ጋ የሚረሳ።
አንዴ ስስል አንድ ረድፍ ይፈርሳል፤ ሁለቴ ስስል ሁለት።
«የልጣጭ ብናኝ ነው፤ ወተት ጠጣ» አለኝ ኦፎሪ በደግነት።
ደሉ ግን፣ ሒሳብ ተዘግቶ ሚዛኑ ሲሰቀል፣
«ሳልህ ብልህ ነው» አለችኝ፣ «ሌሊት አይቀሰቅስህም አይደል?»

መኪናው ሊነሳ ሲል ቢላዋዋን መዘዘች፣
አንድ ትልቅ ሽንኩርት ለሁለት ከፈለች፣
«ምን ይሸታል? ንገረኝ» አለች።

ዝናብ የመታው ብረት... አልሆነም። የታጨደ ሣር... እሱም አይደለም።
አፌ ውስጥ ቃል ሞላ፤ አንዱም አልሸተተም።
በመጨረሻ፣ ተሸንፌ፣ «ሽንኩርት ሽንኩርት» አልኩኝ፤
እስክትንገዳገድ ሳቀች፤ ሳቋ እኔንም ያዘኝ።
ከዚያ ዐይኗ ቀላ፤ እንባዋ ጀመረ መውረድ፤
በእጇ ጀርባ ጠርጋ አየችው፣ እንደ ጠፋ ዘመድ።
«ይሄኛው ያውቃል» አለች።

ኦፎሪ ጥሩንባ ነፋ። ሁለት መቶ አርባ ጆንያ።
ድርሻዬን በጨው በላሁት፣ ጭነቱ ላይ ተቀምጬ፣ ኮኒ ሳንደርስ።
አንዴም አልሳልኩም።