ሁለተኛው ምት

ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሳደርስ በሱቫውኪ መንደር፣
ከደፉ ወዲህ ነው የኔ ሥራ፣ የኔ ድንበር፤
አንኳኩቼ፣ አስፈርሜ፣ በረዶ ከጫማዬ አራግፌ
እመለሳለሁ እንጂ አልገባሁም የሰው ደፍ አልፌ።

ዛሬ ግን ይኸው ከዳኛዋ ጎን አስቀመጡኝ፣
"ከሕዝብ የተመረጥሽ ፈራጅ ነሽ" አሉኝ፤
የማላውቀውን ቤት በፎቶ አስገቡኝ፦
ወጥ ቤት። መስኮት። የወደቀ ወንበር።
በሩ ሥር ደግሞ አንድ ጥንድ ጫማ ነበር።

ሌባው ጫማውን አውልቆ ነው የገባው።
ለምን እንደሆነ ማንም አላብራራው፤
ኮቴው እንዳይሰማ ይሁን፣ ወይ እናቱ ልጅ ሳለ
"ምንጣፉን አደራ" ያለችው ከእግሩ ስላልተነቀለ።

ጌኖቬፋ ክሩክ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷ፣
የባቡር መሻገሪያ ጠባቂ ነበረች በጉልምስናዋ፣ በወጣትነቷ፤
ክንዷ ያን የብረት አግዳሚ ስንት ሺህ ጊዜ አንሥቶ አውርዷል፣
አሁን ግን ጭኗ ላይ እንደ ታመመ ድመት ተኝቷል።

"ጨለማ ነበር" አለች። "የሰው ትንፋሽ ሰማሁ።
የምድጃ መቆስቆሻውን ከተሰቀለበት አነሣሁ።
መታሁት። ወደቀ።
መታሁት።" አለችና ድምጿ አለቀ።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ፤ ወጣት፣ ጸጉሩን ያበጠረ፤
ሁለቱን ምት ለያይቶ እንደ ሳንቲም ቆጠረ፦
"ለመጀመሪያው ክስ የለኝም፤ ሕጉ ይፈቅዳል፤
ቤቱን የተደፈረ ሰው እጁ ይነሣል።
በሁለተኛው ጊዜ ግን ልጁ በጉልበቱ ነበር፣
ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ጫማውን ሊይዝ ሲዳክር።
ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ስንት ሰከንድ አለፈ?"
ምን ትበል? በጨለማ ሰዓት ማን ጻፈ?

"የልቤን ምት" አለች፣ "ያኔ አልቆጠርኩትም፤
የሱን ምት ከክንዴ ምት መለየት አልቻልኩም።"

ቶቢያሽም ቀረበ፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣
ቃል ሲፈልግ ከንፈሩ የሚከዳው፤
ቀኝ እጁ ታጥፎ ቀርቷል፣ ክር ማሰር አይችልም፣
የዛሬው ጫማው ማሰሪያ የለውም።
"ለምን እሷ ቤት?" ሲሉት ብዙ ቆየ፤
"ፖስተኛው የጡረታ ገንዘብ ሰጥቷት ሲወጣ" አለ፣ "ዓይኔ አየ።"

በዚያ መንገድ የሚያደርሰው ባልደረባዬ እንጂ እኔ አይደለሁም፤
ቦርሳው ግን አንድ ነው። ማሰሪያው ትከሻዬን አልለቀቀውም።

በዝግ ክፍል ዳኛዋ መጽሐፉን ገለጠች፤
"ተመጣጣኝ" የሚለው ቃል ላይ ጣቷን አስቀመጠች።
ከሥሩ ሌላ መስመር፦ መጠኑን ያለፈ፣
ግን ፍርሃት አስቶት እጁ ያላረፈ
ቅጣት አይገባውም ይላል፣ ፍርሃቱ ምክንያት ያለው ከሆነ።
ፍርሃት ግን በየትኛው ፖስታ ቤት ሚዛን ተመዘነ?

ሴቬሪን፣ ጡረታ የወጣ ደን ጠባቂ፣
"ቤቴ ቢገባ ሦስቴም እመታው ነበር" አለ፤
ከዚያ ዝም ብሎ ሻዩን ሲያማስል ዋለ፣
ስኳር ሳይጨምር።

ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼ መብራቱን አጠፋሁ፤
ወንበር ላይ ትራስ አስቀምጬ መቆስቆሻ አነሣሁ።
አንድ።
ሁለት።
በመሃል ክፍተት አለ፣ እምላለሁ፤
ጠባብ ናት፣ በር ላይ እንዳለችው የደብዳቤ ቀዳዳ።
ሕጉ ያልፍባታል፣ ወረቀት ነውና፤
የፈራ ክንድ ያልፍባት እንደሁ አላወቅሁም ገና።

ነገ ድምፅ እንሰጣለን፤ ልማዱ ከታናሽ ይጀምራል፤
ታናሿ እኔ ነኝ፤ አንደበቴ ይቀድማል።
ጫማው አሁንም እዚያው ነው፣ በፕላስቲክ ታሽጎ፣
ቁጥር ተለጥፎበት፣
አድራሻው እንደ ጠፋ ጥቅል፣ ተቀባይ ፈልጎ።