ሞተሩ ሲጠፋ

ጀልባዬ ላይ ወጣ ወረቀት ዘርግቶ፣
ሰዓቱን ሸንሽኖ፣ አንዲት ቀን አብቃቅቶ።
«በሁለት ደብረ ማርያም፣ በአራት ሰዓት ዘጌ፣
በስምንት ፏፏቴው፣ ምሳ እዚያው ፈልጌ፣
ብስክሌት ተከራይቼ፣ ቤዛዊት ላይ ወጥቼ፣
ጀምበር ስትጠልቅ አይቼ፣
ማታ አውሮፕላን አለኝ። ቢሻው፣ ይደርሳል?»
«ይደርሳል» አልኩታ፤ ሌላ ምን ይባላል?

መሐል ሐይቅ ስንደርስ ሞተሩ ሳለና
ጸጥ።
ብስበው፣ ብስበው፣ ገመዱን እንደገና።

ሰውየው ሰዓቱን፣ ሰማዩን፣ ሰዓቱን
ካየ ካየ በኋላ ፈታ ጫማውን፤
ካልሲውን ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣
እግሩን ለውሃው ሰጠው።

ሻላ አንዱ ቀረበ፣ ከረጢቱን አዝሎ፤
ጉማሬ ከደንገሉ «እፍፍ» አለ፣ ጆሮውን ብቻ አብቅሎ።
«ዋና እችል ነበረ» አለ፣ ለኔም አይደል፤
ወረቀቱ ርሶ፣ የጻፈው ቀለም
ዘጌ ከፏፏቴው ገብቶ ሲንከባለል።

ስድስት ሰዓት ግድም በአንድ ሳብ ተነሣ።
ጉርሻ ሰጥቶኝ ወርዶ፣ ጫማውን ሊረሳ፣
«ይህን ሞተርህን አሠራው» ሲለኝ
«እሺ» አልኩት፣ ሳቅ እየተናነቀኝ።

ሞተሩ ምን ሆነ! የቤንዚኑን ቧንቧ
በአውራ ጣቴ ዘጋሁት፣ መሐል ሐይቅ ስንገባ።

ነገም ሰው አለብኝ፣ ደውሎ ከአዳማ፤
ሁለት ገጽ ዝርዝር አለው።