ምድር ቤት

ዐሥራ አንድ ዓመት አራተኛ ፎቅ ላይ ኖርኩኝ፣
የቫልፓራይሶን መርከብ በመስኮት እየቆጠርኩኝ።
ስድስት አልጋ፣ ስድስት ስም፣ ስድስት ዓይነት ሳል፤
ዶን ኤውሴቢዮ ጥርሳቸውን በብርጭቆ ያሳድራሉ፣
ሴኞራ ሮሳሊያ ክኒን በሻይ እንጂ በውኃ አይውጡም፣
ልጃቸው እሑድ ይመጣል፤ ዝናብ ከጣለ አይመጣም።
ሞት እንኳ እዚያ ጨዋ ነው፤
ቀን ቆርጦ፣ በር ቆርቁሮ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚገባው።

በመጋቢት ማለቂያ አንድ ወረቀት ፈረምኩ፤
ሊፍቱን ጠርቼ ምድር ቤት ወረድኩ።
«አበድሽ?» አለች ሂልዳ፣ መድኃኒት ስትቆጥር።
ምን ልበላት? እጄ እኔን ሳይጠይቅ መሥራት ለምዶ ነበር።

እዚህ በሩ ማንም ሳይነካው ይከፈታል፤
በተከፈተ ቁጥር ጎዳናው ይገባል፤
ጉም፣ የዓሣ ሽታ፣ የሰካራም ዘፈን፣
ሳንቲም የዋጠች ሕፃን፣
ደረቱን የጨበጠ የአውቶቡስ ሹፌር፣
ባንድ እግሯ ብቻ ጫማ ያደረገች እናት፣
«ልጄን! ልጄን!» ስትል ከበር።

የመጀመሪያዋ ሌሊት፤
ሹፌሩን፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ሳለ፣ «እንዴት አመሹ?» አልኩት፤
የብርድ ልብሱን ጫፍ ለጫፍ አገጣጠምኩለት።
ባስቲያስ፣ ከደቡብ ደሴቶች የመጣው፣ ትከሻው በር የሚያክለው፣
«ሚሬያ፣ አልጋ አታንጥፊ» አለኝ፣ «ሰውዬው እየሄደ ነው።»
ካኑላ ፍለጋ ሦስት መሳቢያ በረበርኩ፤
ካኑላው አራተኛው ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን የት ነበርኩ?

ላይ ሳለሁ ልብስ በማንጠልጠያ እሰቅል ነበር።
አሁን ከአንገት እስከ ጉልበት በመቀስ እቀዳለሁ፤
የሠርግ ሸሚዝ ቀድጃለሁ፣
እናቱ የሠራችለትን የዓሣ አጥማጅ ሹራብ
«ይቅርታ» እያልኩ ቀድጃለሁ።
«ታሪኩን ተዪው» ይላል ባስቲያስ፣ «ትንፋሹን ስሚ።»
መፍጠንን ቀስ ብዬ ተማርኩ።

በሰኔ፣ ዝናብ ሲያወርደው፣
የኮረብታውን ደረጃ በብስክሌት ሊወርድ የሞከረ ልጅ አመጡ።
ስሙን ከአውቶቡስ ካርዱ ላይ አነበብኩት፤ ኤሊሴዮ።
ዐሥራ ስምንት ደቂቃ በሁለት ጣቴ ሥር ነበረ፣
አንገቱ ላይ፣ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ።
ከዚያ ሊፍቱ ዋጠው።
እዚህ ተረት ይጀመራል እንጂ
«ተረቴን መልሱ» የሚል የለም።

ከስድስት ቀን በኋላ «አራተኛ ፎቅ ገባ» አሉኝ።
ከአዳር ወጥቼ፣
ጫማዬ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ደም ደርቆ፣
በደረጃ ወጣሁ።
ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፣
እጀታው በተሰበረ ኩባያዬ ሻይ ትጠጣለች።
«ይቅርታ፣ የጠያቂ ሰዓት አልደረሰም» አለችኝ፤
«የማን ቤተሰብ ነሽ?» ብላ አየችኝ።

በመስታወቱ አሻግሬ አየሁት።
ሦስተኛው አልጋ፣ የዶን ኤውሴቢዮ የነበረው።
ተኝቷል፤ ግራ እግሩ ከብርድ ልብሱ ወጥቷል።
«እግሩን ሸፍኚለት» አልኳት፣ «ብርድ አይወድም»፤
ከየት እንዳወቅሁት እንጃ።